እሜቴ ይንቀሳቀሳሉ

የራሴን ፍርድ ከማንም ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ያውም ቀይ እስክሪብቶ ይዤ።

የመንግሥት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ቅጽ በሉት፣ ደንብ በሉት፣ የመማሪያ መጽሐፍ በሉት፣ ምን አለፋችሁ፣ ሕዝብ እጅ የሚገባ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ዓይን ሥር ያልፋል። ሠራተኛው «እትዬ ነጥብ» ይለኛል፤ አንዲት ነጥብ ጎደለች ብዬ አራት ሺህ ገጽ አስቁሜ አውቃለሁና። ስሙን ያወጡልኝ ሰሞን ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል።

ያን ቀን ጠዋት፣ ላይኛው ፎቅ መስኮት ሥር ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ገጽ መመሪያ ጠበቀኝ። «ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ቦታው የሃይማኖት መገለጫ የሆነ ሻሽ፣ ጥምጣም፣ ቆብ ወይም በግልጽ የሚታይ ምልክት ማድረግ የተከለከለ ነው» ይላል። አነበብኩት። የዝርዝሩን አሰካክ አስተካከልኩ። እንደገና አነበብኩት። እጄ ወደ ራሴ የሄደው ያኔ ነው።

ሻሼን ማሰር የጀመርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ እናቴ እንኳ «ገና ልጅ ነሽ፣ ቆይ ይደርሳል» ብላኝ ነበር። ስለ እምነት ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን ብቻ ልበል፤ ጠዋት ጠዋት ሻሼን ሳስር ከፈጣሪዬ ጋር ሰላምታ የምለዋወጥ ይመስለኛል። ሥራዬንም እወደዋለሁ። የቀለም ሽታ፣ ገና ያልደረቀ ገጽ፣ ሰው ሁሉ ያላየውን ስህተት ሳገኝ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም አስረድቼ አልጨርስም። እነዚያ ሁለት ገጾች ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ይሉኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ እስክወስን አሥር ቀን ሰጠኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «መመሪያ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» እያለ የጠረጴዛውን መስታወት በመዳፉ ሲጠርግ ቆየ፤ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ሰምቶ ኖሮ በር ላይ ቆሟል። ወንድሜ ይወደኛል፤ ችግሩ ሲወደኝ ይጮህብኛል። «አለቀ ደቀቀ!» አለ። «ነገውኑ ትለቂያለሽ። እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚገልጥሽ? ቤትሽ ቁጭ በይ!» እንግዲህ ፍረዱኝ። መንግሥት አውልቂ ይላል፣ ወንድሜ ቁጭ በይ ይላል። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ እኔ ራስ ነው፤ ባለቤቲቱን የጠየቀ ግን የለም።

የጠየቁኝ ጋሽ ግራሶ ናቸው።

ጋሽ ግራሶ የማሽን ክፍሉ ፎርማን ነበሩ። ስማቸው ከእጃቸው የመጣ ነው፤ ግራሶ ያልገባበት ጥፍር አልነበራቸውም። ጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ይባላል፣ እሳቸውም አይክዱም። «እኔ የማምነው በቡሎን ነው፤ ቡሎኑ ከጠበቀ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ይሉ ነበር። በማግስቱ ያረምኩትን ይዤ ወደ ታች ስወርድ ፊቴን ገና ሲያዩ «ማን ሞተ?» አሉኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺስ?» አሉ።

«እኔስ ምን?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። አፍሬ በሻሼ ጫፍ ጠረግኩት። «ሁለቱንም ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ሻሼንም ሥራዬንም።»

«እንዲህ በይኛ!» አሉ፣ የተበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ የነገርኳቸው ያህል ደስ ብሏቸው።

ከግድግዳው ላይ የሥራ ደኅንነት ደንቡን አወረዱት። እኛው ራሳችን ከስንት ዘመን በፊት ያተምነው፣ ቀለም የተረጨበት፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ወረቀት ነው። በጥቁር ጣታቸው አሳዩኝ። «ከሚንቀሳቀስ ማሽን በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ፀጉሩን ጠቅልሎ መሸፈን አለበት። ፀጉሩ ከአንድ ጣት ያጠረ ሰው መሸፈን አይጠበቅበትም። የተንጠለጠለ ጨርቅ ለማንም ክልክል ነው።» ቀጥለው አዲሱን መመሪያ ገለጡና ሦስተኛው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «የሥራ ደኅንነት ደንብ የሚያዘው እንደተጠበቀ ሆኖ» ይላል። ያን ሐረግ በገዛ እጄ አርሜ አሳልፌዋለሁ፤ ለእኔ የሚሆን በር መሆኑ ግን አልታየኝም።

«ጠረጴዛሽን አውርጂ» አሉኝ። «ሻሽሽን አንገትሽ ላይ ሸጎጥ አድርጊው እንጂ አይንጠልጠል። ጠዋት በዋናው በር አትግቢ፤ የወረቀት መኪና በሚራገፍበት በር ግቢ፣ ቀጥታ እዚሁ ያደርስሻል።»

መጀመሪያ ያስቀመጡኝ ከአዲሱ ማሽን ጎን ነው። ሁለት ቀን ቻልኩት። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሎቹ ይጨፍራሉ፣ ጆሮዬ ቤቴ ድረስ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን ገጽ ሠላሳ ሁለት ተዘቅዝቆ ታትሞ አላየሁትም። እኔ፣ እትዬ ነጥብ! ሺህ ቅጂ ተጣለ። ጋሽ ግራሶ አልተቆጡኝም፤ ጠረጴዛዬን ከአንድ ወገን አንስተው፣ ሌላ ሰው ከሌላ ወገን አስይዘው፣ ጥጉ ጋ ወደ እሜቴ ወሰዱት።

እሜቴ ማሽን ናቸው። የማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያ ማሽን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ጥቁር፣ ከኋላቸው ግድግዳው ጥግ ትልቅ መዘውር ያላቸው። ሞተራቸው ከተቃጠለ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አዲሶቹ ሲበላሹ «ተሰበረ» ይባላል፤ እሳቸው ግን «አሟቸዋል» ነው የሚባለው። «አንቺ» ብሎ የደፈራቸው የለም።

«ጋሼ፣ ደንቡ እኮ የሚንቀሳቀስ ማሽን ነው የሚለው» አልኳቸው።

«እሜቴ መንቀሳቀስ ይችላሉ። ደክሟቸው ዐረፍ አሉ እንጂ ችሎታቸውን ማን ካደ?» አሉና በቢጫ ቀለም ዙሪያቸውን ሦስት ሜትር ለክተው ወለሉ ላይ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ቢጫው መስመር ውስጥ ሆነ። ብርሃኑ ከላይኛው ፎቅ ያነሰ ነበር፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ባልናገር ይሻላል። ግን ሻሼ ራሴ ላይ ነው፣ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ። ጠዋት ጠዋት ስቀመጥ «ተመስገን» እል ነበር፤ አንድ ጊዜ ለፈጣሪዬ፣ አንድ ጊዜ ለጋሽ ግራሶ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ጋሽ ግራሶ ልጅ አለቻቸው። እዚያው ማሽን ክፍሉ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን ከሥሩ የተላጨች። «ሚስማር» ነው የምትባለው። ከማሽኑ ቆብ ለመገላገል ብላ ነበር የተላጨችው፤ ፀጉሩ ያጠረ ሰው መሸፈን አይጠበቅበትም ይላልና ደንቡ። «ያፍነኛል፣ አልወደውም» ብላለች፤ ሌላ ምክንያትም አልሰጠች። እኔ ታዲያ ያኔ ላይኛው ፎቅ ሆኜ ምን አልኩ? «ሴት ልጅ ፀጉሯን የጣለች ለት ሌላም ነገር ጥላለች» አልኩ፤ ሰውም ሳቀልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሁለተኛው ቀን እሷ ጆሮ ገባ። ወደ ታች ከወረድኩ በኋላ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ስላት ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፈኛለች። እኔም ወደ ወረቀቴ አቀረቅራለሁ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ የበሩ ጥበቃ ስልክ ደወለ። «የመመሪያው ተቆጣጣሪ እየመጣ ነው። ሜትር ይዟል።» አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ነግሮብኝ ኖሯል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላጣራሁም፣ ሆድ ይፍጀው።

ጉድ ፈላ። እኔ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ጋሽ ግራሶ አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ እሜቴን አዩና «መዘውሩ!» አሉ። ሞተሩ ይቃጠል እንጂ መዘውሩ በሰው ጉልበት ከተገፋ ጥቅልሎቹ ይዞራሉ። ከኋላ ያለው ቦታ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ወረቀት ቆራጩ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ገባ። ሁለተኛዋ ሳትጠራ የገባችው ሚስማር ናት። «አዲሱንም አስነሡ፣ ይጩህ፣ የሞተር ድምፅ ያስፈልገናል!» አሉ ጋሽ ግራሶ። አዲሱ ማሽን ሲያጓራ፣ እሜቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ጭንቅ ብለው፣ ሲጥ ብለው ዞሩ።

ተቆጣጣሪው አጠር ያለ፣ መዝገብ በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ወዲያው ሜትሩን ዘረጋ። የጠረጴዛዬ እግር ሁለት ሜትር ከሰማንያ አምስት። የወንበሬ የኋላ እግር ሦስት ሜትር ከአሥር። ወንበሬን ወደፊት ሳብኩ። «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። የሜትሩን ጫፍ ከማሽኑ አስይዞ ማጅራቴ ድረስ ለካኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተዋረድኩበት ቀን የለም። «ሁለት ሜትር ከዘጠና ስምንት። ራስሽ ውስጥ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ እሜቴ ዞረ። «ወረቀት የለውም እኮ። ምን እያተመ ነው?»

«እየሞቁ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ግራሶ። «ዕድሜ ነው። እኔም ጠዋት ከአልጋዬ እስክነሣ ይሄን ያህል ይፈጅብኛል።»

ያሰብነው አምስት ደቂቃ ነበር። ሰውዬው ግን ሪፖርቱን እዚያው ሊጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ይሁንልኝ አለ። ሻዩ እስኪመጣ ጠበቀ፣ እስኪበርድ ጠበቀ። ወረቀት ቆራጩ በላብ ተነክሮ ጥቅል ተሸክሞ የወጣ መስሎ ወጣ፤ ጠራዡ ጥቅል ያስቀመጠ መስሎ ገባ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ሁሉም ተቀያየሩ። ሚስማር ብቻ አልወጣችም።

በመሃል ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ተንከባለለና እሜቴ ሥር ገባ። ሰውዬው አጎነበሰ። ሜትር ለማንሳት ከሚበቃው ጊዜ በላይ እንዳጎነበሰ ቆየ። በማሽኑ ሥር አራት እግር እንደሚታይ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጋሽ ግራሶም አዩ፤ የያዙት መፍቻ እጃቸው ላይ ቀረ።

ቀና ሲል ፊቱ ምንም አይልም። ተቀምጦ ጻፈ። እኔ ፊደልን ተገልብጦም ቢሆን ማንበብ ለምጃለሁ፤ ከፊት ለፊቱ ሆኜ አንድ በአንድ ተከተልኩት። «ማሽኑ ይንቀሳቀሳል። ሠራተኛዋ በክልሉ ውስጥ ናት።» ፈረመ፣ መዝገቡን በብብቱ ከተተ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«እሜቴ ደክሟቸዋል» አለ። «ውሃ ስጧቸው።»

በሩ ከኋላው ተዘጋ። ከዚያ ወረቀት ቆራጩ ሳቅ ሲጀምር አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ፤ ጋሽ ግራሶ ወገባቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ውሃ ቀድቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሚስማር ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ብርጭቆውን ስሰጣት በሁለት መዳፏ ጠርዝ ነው የተቀበለችኝ፤ መሃሉ ተልጦ ደም ቋጥሯል። አንጀቴን በላችው።

«ስለ ፀጉርሽ የተናገርኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ።»

«ይቅር በይኝ። ምላሴን ይቁረጠው።»

«ምላስሽ ከተቆረጠ ጠዋት ጠዋት ማን ይጨቀጭቀናል፣ እትዬ?» አለችና ውሃዋን ጠጣች። «ደሞ አንቺን ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሜትሩ ራስ መለካት እንዳይለምድ ብዬ ነው። ዛሬ ያንቺን ከለመደ ነገ የኔን አይምርም።»

መዳፏን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩላት። እንዲያ ነው የታረቅነው።

ሰባት ዓመት በቢጫው መስመር ውስጥ ሠራሁ። ተቆጣጣሪው በየሦስት ወሩ ይመጣል፣ ይለካል፣ እሜቴ ይዞራሉ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ጋሽ ግራሶ ጡረታ ወጡ፤ ሚስማር በሙያዋ ተወዳድራ ፎርማን ሆነች። የፎርማን ቢሮ ያን ጊዜ ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛውሮ ስለነበር፣ እሷ ላይ፣ እኔ ታች ሆንን። ከዚያ ያ መንግሥት ሄደ፤ ሌላ መጣ።

አዲሱ መመሪያም እንደ ድሮው መጀመሪያ ለእኔ ደረሰኝ። አሮጌው መሻሩን ይናገራል። እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሁለተኛውን አንቀጽ አነበብኩ። «በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ማንኛዋም ሴት በሥራ ቦታዋ ፀጉሯን በሻሽ መሸፈን አለባት።»

እንኳን ደስ አለሽ ያላለኝ የለም። ወንድሜም ደወለ። «አየሽ? ጸሎታችን ተሰማ!» አለ። «ጸሎቴ እንዲህ አይልም ነበር» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። እውነቴን ነው፤ ደስ ሊለኝ ሞክሬ እምቢ አለኝ። ሻሼን ባሰርኩ ቁጥር ማንም አላዘዘኝም የምለው ኩራት ነበረኝ። እሱንም ወሰዱብኝ። ከዚያ በላይ ግን ዓይኔ ላይ የመጣው የዚያች ልጅ መዳፍ ነው።

ደረጃውን ወጥቼ ቢሮዋ ገባሁ። መመሪያውን ፊቷ አስቀመጥኩት። አንብባ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።

«አንቺስ?» አልኳት።

ወዲያው ገባት። እንባዋ መጣ፤ ሚስማር ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። «ሻሽ ጠልቼ አይደለም፣ እትዬ። አንቺ ላይ ያምራል። ግን ታዝዤ አልሸፈንም። ሥራዬንም አለቅም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

«እንዲህ በይኛ!» አልኩ።

መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች አሮጌውን ገልብጠው ነው የሚጽፉት፤ ሦስተኛው መስመር እንዳለ ነበር፣ «የሥራ ደኅንነት ደንብ የሚያዘው እንደተጠበቀ ሆኖ»። ያን ደንብ ደግሞ ስንት መንግሥት ሲመጣ ሲሄድ ገልጦ ያየው የለም። ፀጉሩ ያጠረ ሰው መሸፈን አይጠበቅበትም፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ለማንም ክልክል ነው። በዚያው ከሰዓት የሚስማርን ጠረጴዛ አውርደን እሜቴ ጎን፣ ከእኔው አጠገብ አስቀመጥነው። የቢጫውን መስመር ቀለም አደስኩት።

በሁለተኛው ሳምንት የበሩ ጥበቃ ደወለ። «ተቆጣጣሪው ነው። ያው ሰውዬ። ያው ሜትር።»

ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ወረቀት ቆራጩ «እትዬ ነጥብ፣ ወዴት? የሚገፋ ጎረምሳ ሞልቷል እኮ» አለኝ። ምን ቆርጦኝ ልመልስለት! ቀሚሴን ሰብስቤ እሜቴና ግድግዳው መካከል ገባሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም። መዘውሩ ብርድ ብርድ ይላል፣ ደግሞ ከባድ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጬ ሳርም ከኋላዬ ሰዎች ምን ሲገፉልኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። እያንዳንዱን ዙር በስም ገፋሁት። ይኸኛው ለጋሽ ግራሶ። ይኸኛው ለወረቀት ቆራጩ። ይኸኛው ለተቆጣጣሪው፣ አዎ፣ ለእሱም። ሌላው ሁሉ ለእሷ።

ከማሽኑ ወዲያ የሰውዬው ድምፅ ይሰማኛል። ሜትሩ ሲዘረጋ፣ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ሲላት፣ «ራስሽ ውስጥ ነው» ሲላት። ወንበር ተሳበ። ሻይ ይሁንልኝ አለ። ላቤ ከሻሼ ሥር ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መዳፌ ይነዳል፤ ከጎኔ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ እኔ አልወጣሁም።

በመጨረሻ ከወንበሩ ተነሣ። እርምጃው ወደ በሩ ሄደ፤ ቆመ። ከማሽኑ በታች የጫማውን አፍንጫ ወደ እኛ ዞሮ አየሁት።

«እሜቴ ዛሬ ቀሚስ ለብሰዋል» አለ።

«አዎ ጌታዬ» አለች ሚስማር፣ ድምፅዋ ሳይናወጥ። «ወደው ነው።»

«እንግዲህ ውሃ ስጧቸው» አለና ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። እኔ ግን ወዲያው አላቆምኩም፤ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር ጨመርኩ። ቀና ስል ሚስማር በጠባቡ ቦታ ውስጥ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ብርጭቆ ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ጨርቅ ይዛለች። «እጅሽን አምጪ፣ እትዬ» አለችኝ። ሁለቱንም ዘረጋሁላት።